ከቀጠር የመጣው ቃል፤ ስለ ነጥብ፣ ስለ ሰዋስውና ስለ ታሪክ አተራረክ

በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት ከሚነገሩት ከአራቱ የመጻሕፍት ጉባኤያት አንዱ መጻሕፍተ መነኮሳት ነው። ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋር የሚቈጠረው ይህ ጉባኤ ሦስት መጻሕፍትን ይዟል፤ እነርሱም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። መምህሩ ግእዙን እያስነበበ በአማርኛ አንድምታ ይተረጕማል፤ ተማሪውም ቃሉን ከነምስጢሩ ያጠናል። ሆኖም እነዚህ መጻሕፍት ከየት አገር እንደ ተነሡ፣ የጻፏቸውም ሰዎች የጽሕፈትን ሥራ በምን ትምህርት እንደ ለመዱት ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ነገሩ ሲመረመር ግን ከሦስቱ የሁለቱ ምንጭ ዛሬ የዶሃ ከተማ ወደምትገኝበት ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ኳታር ወደምንላት ወደ ቀጠር አገር ያደርሳል።

ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ትረካ ስጦታ ነው፤ ሰዋስውና ነጥብ ግን የተማሪ ቤት ድካም ነው እያለ ያስባል። ልቡ የሞላ ሰው ብዕሩን ካነሣ የቀረው ሁሉ በራሱ የሚከተለው ይመስለዋል። የእነዚያ መነኮሳት ሥራ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ነጥብን ያልተማረ ሰው የታሪክን ማረፊያ እንደማያውቅ፣ ሰዋስውንም ያልተማረ ሰው ቃሉን ለሩቅ አንባቢ ለማድረስ እንደሚቸገር ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ7ኛው መቶ ዓመት የሱርስት ተናጋሪዎች የቀጠርን ባሕር ገብ ምድር፣ የባሕሬንን ደሴቶችና በአጠገባቸው ያለውን የዐረብ ምድር ዳርቻ በአንድነት «ቤት ቀጥራዬ» ይሉት ነበር፤ ትርጓሜውም የቀጠራውያን አገር ማለት ነው። «ቤት» የሚለው ቃል በሱርስትም በግእዝም አንድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። በዚህ አገር ኤጲስ ቆጶሳትም መነኮሳትም ነበሩ። ካቶሊኮስ ኢሾዕያብ ሣልሳዊ፣ ከ649 እስከ 659 በመንበር የነበረው፣ ከአገሩ ኤጲስ ቆጶሳት ጋር በተጣላ ጊዜ ለቀጠራውያን የላካቸው መልእክታት እስከ ዛሬ ይገኛሉ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ቀዳማዊም ወደዚያ ወርዶ በ676 በዳሪን ጉባኤ አደረገ። በባሕሬን ሰማሂጅ በምትባል መንደር ከ2019 ጀምሮ በተደረገው ቍፋሮ የክርስቲያኖች ሕንፃ ተገኝቶ፣ ከ4ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ እስከ 8ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ሰው ይኖርበት እንደ ነበረ በ2024 ተገልጧል። ስለዚህ ነገሩ በብራና ብቻ ሳይሆን በድንጋይም ይመሰከራል።

ማር ይስሐቅ የተወለደው በዚህ በቤት ቀጥራዬ ነው። ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ወደ ሰሜን ወስዶ በቤት ዓቤ ገዳም የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። እርሱ ግን አምስት ወር ብቻ ቆይቶ ሹመቱን ተወ፤ ወደ ቤት ሁዛዬ ተራሮች ወጥቶ ከባሕታውያን ጋር ተቀመጠ፤ በመጨረሻም በራባን ሻቡር ገዳም አረፈ። ንባብ ከማብዛቱ የተነሣ ዓይኑ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ ደቀ መዛሙርቱ ከአፉ እየሰሙ ይጽፉለት ነበር። ስለዚህም በእስክንድርያው ዓይነ ስውር ሊቅ ስም ዳግማዊ ዲዲሞስ ብለው ጠሩት።

በዚህ ነገር የሚተርክ ሰው ሊማረው የሚገባ ቁም ነገር አለ። ማር ይስሐቅ ሹመቱን የተወው ለምንድር ነው? የባስራው ኢሾዕድናሕ በ9ኛው መቶ ዓመት የቅዱሱን ዜና ሲጽፍ ምክንያቱን ለእግዚአብሔር ዕውቀት ትቶ ዐለፈ፤ የማያውቀውን አልጨመረም። በዐረብኛ የተጻፈ የኋላ ዘመን ታሪክ ግን ምክንያቱን እንዲህ አድርጎ ይተርካል። ሁለት ሰዎች ስለ ብድር ተካሰው ወደ ኤጲስ ቆጶሱ ቀረቡ፤ አበዳሪው ገንዘቡ ያለ መዘግየት እንዲከፈለው ይጠይቃል፤ ተበዳሪው ጥቂት ቀን እንዲታገሠው ይለምናል። ማር ይስሐቅ የወንጌልን ትእዛዝ ጠቅሶ አበዳሪውን ትዕግሥት ቢመክረው፣ ያ ሰው ለጊዜው ወንጌልን ወደ ጎን እንዲተው ነገረው። እርሱም ወንጌል በማይሰማበት ስፍራ መቀመጡ ምን እንደሚረባ ራሱን ጠይቆ ተነሣና ወደ በረሓ ሄደ።

ሁለቱ ተራኪዎች አንድ ሰው ይዘው በሁለት መንገድ ሄደዋል። ፊተኛው ዕውቀቱ ባለቀበት ስፍራ ነጥቡን አኖረ። ኋለኛው ክፍት የቀረውን ስፍራ በሁለት ሰዎች ክርክር ሞላው፤ ኤጲስ ቆጶሱ ዐዘነ፣ ተቈጣ፣ ተጨነቀ ሳይል፣ ከመንበሩ መነሣቱን ብቻ ተናግሮ ልቡን አሳየ። በትረካ ጣዕም ኋለኛው ይበልጣል፤ በታሪክነቱ ግን የሚታመነው ፊተኛው ነው። የጸሐፊ ትምህርት የሚጀምረው ሁለቱን ለይቶ ከማወቅ ነው። ልብ ወለድ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ጌታም በወንጌል በምሳሌ አስተምሯል፤ ልብ የወለደውን የሆነ ታሪክ ነው ብሎ ማቅረብ ግን አንባቢን ማሳት ነው።

እነዚህ ሰዎች ይህን መለየት ያገኙት ከትምህርት ቤት ነው። በምሥራቅ ሱርስት ሊቃውንት ዘንድ፣ ይልቁንም በንጽቢን ትምህርት ቤት፣ መምህራን በየማዕርጋቸው ይለያዩ ነበር፤ አንዱ ፊደልን ከፊደል አያይዞ ማንበብን፣ ሁለተኛው ቅዱሳት መጻሕፍትን በነጥባቸውና በማረፊያቸው ማሰማትን፣ ሦስተኛው ትርጓሜን ያስተምር ነበር። የማር ይስሐቅ ዘመድ እንደ ነበረ የሚነገርለት ገብርኤል ቀጥራዊ የቤተ ክርስቲያን ተርጓሚ የሚል ማዕርግ ነበረው። ሥርዓቱ ከኢትዮጵያው ትምህርት ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ በዚህም ንባብ ቤት ሳይገባ መጻሕፍት ቤት የሚገባ የለም።

ነጥብ ለምን ይህን ያህል እንደ ከበረ የሱርስትን ፊደል ያየ ሰው ይረዳዋል። የግእዝ ፊደል ድምፁን ከግእዝ እስከ ሳብዕ በቅርጹ ይሸከማል፤ የሱርስት ፊደል ግን በጥንት ጊዜ ተናባቢውን ብቻ ይጽፍ ስለ ነበረ አንዱ ጽሕፈት በሁለትና በሦስት ዓይነት ይነበብ ነበር። ለምሳሌ «ማልካ» ንጉሥ፣ «ሜልካ» ምክር ማለት ነው፤ ሲጻፉ ግን ፊደላቸው አንድ ነው። የሚለያቸው አንዲት ነጥብ ናት፤ ከላይ ብትሆን ንጉሥ፣ ከታች ብትሆን ምክር ይሆናል። ገልባጩ ነጥቢቱን ባያስተካክል አንባቢው ንጉሡን ከዙፋኑ አውርዶ በስፍራው ምክርን ያስቀምጣል። በ708 ያረፈው ያዕቆብ ዘሮሐ ስለ ጽሕፈት በላከው መልእክት ገልባጮችን አጥብቆ የመከረው፣ ሰዋስውን ባዘጋጀም ጊዜ መጽሐፉን «ቱራጽ ማምላ»፣ ማለት ንግግርን ማቅናት፣ ብሎ የሰየመው ስለዚህ ነው።

በዚያው በ7ኛው መቶ ዓመት ዐናኒሾዕ የሚባል የቤት ዓቤ መነኵሴ ነበረ። በንጽቢን ተምሮ ከመነኰሰ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ ግብጽ ገዳም ወደ አስቄጥስ ሄዶ የአበውን ኑሮ በዓይኑ አይቷል። ይህ ሰው ሁለት ዓይነት ሥራ ሠራ። አንደኛው በፊደል አንድ ሆነው በንባብ የሚለያዩትን ቃላት የሚያስረዳ የሰዋስው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ማር ይስሐቅን የሾመው ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ለምኖት ያዘጋጀው፣ የግብጽን አበው ዜናና ቃል በአንድ ሰብስቦ የያዘው «ገነተ አበው» ነው። እንግዲህ የነጥብ መምህሩና የታሪክ ሰብሳቢው አንድ ሰው ነበር ማለት ነው። አንዲት ነጥብ ምን ያህል እንደምትከብድ ያወቀ እጅ፣ በታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምትከብድም ያውቃል።

ለዚህ ከገነተ አበው አንድ ዜና ማንሣት ይበቃል። ኢትዮጵያዊ እንደ ነበረ የሚነገርለት አባ ሙሴ ጸሊም በበደለ ወንድም ላይ ሊፈርድ ወደ ጉባኤ ተጠራ፤ እምቢ አለ፤ ዳግመኛ ላኩበት። በዚያን ጊዜ የተቀደደ ቅርጫት በአሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ ሌሎች መጻሕፍት የሚያፈስ ማድጋ ውሃ ነበር ይላሉ። ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁት፣ የራሱ ኀጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በባልንጀራው ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። አበውም ይህን ሰምተው ወንድሙን ይቅር አሉት። ዜናው ይኸው ነው። የበደለው ወንድም ስም አልተነገረም፤ በደሉ አልተነገረም፤ የጉባኤው ቤትና የቀኑ ሙቀት አልተነገረም። ተራኪው ያሳየው ቅርጫቱንና ከኋላ የሚፈሰውን አሸዋ ብቻ ነው። ትምህርቱን ራሱ ቢያብራራው ኖሮ አንባቢው ይሰማ ነበር እንጂ አያይም ነበር።

እንዲህ ያለ አጭር ዜና ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄውን መሥራች አድርጎ የተነሣው ሌላው የቀጠር ልጅ ዳዲሾዕ ቀጥራዊ ነው። እርሱም በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረ መነኵሴ ሲሆን፣ የአባ ኢሳይያስን መጽሐፍና ገነተ አበውን ተርጕሟል። የገነተ አበው ትርጓሜው አካሄድ ይህ ነው፤ ወንድሞች ይጠይቃሉ፣ አረጋዊው ይመልሳል። ያ አባት ይህን ለምን አደረገ? ይህ ቃል ከዚያኛው ቃል ጋር እንዴት ይስማማል? የፊልክስዩስን ትምህርት የሰማ ሰው ይህን ሥርዓት ወዲያው ያውቀዋል፤ በአንድምታም መምህሩ «ምነው ቢሉ» እያለ ምስጢሩን የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው። ለተራኪ ከዚህ የሚበልጥ መምህር አይገኝም፤ አንባቢው በየትኛው ስፍራ ለምን ብሎ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ያላሰበ ጸሐፊ፣ ወይ የማይጠየቀውን ሲያብራራ ይደክማል፣ ወይ የሚጠየቀውን ሳይመልስ ያልፋል።

በጽሕፈትም ቢሆን ሱርስት የጥያቄን ምልክት ቀድሞ ካገኙት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በጥንታውያን የሱርስት ብራናዎች፣ የጥያቄ ቃል ሳይኖርበት በድምፅ ብቻ ጥያቄ በሚሆነው ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ አካባቢ፣ ከቃሉ በላይ አንዱ ባንዱ ላይ የቆሙ ሁለት ነጥቦች ይገኛሉ። ሰዋስው ዐዋቂዎች «ዘውጋ ዔላያ» ይሉታል፤ በግእዝ ላዕላይ ዘውግ ማለት ነው። አንድ የኬምብሪጅ ሊቅ በ2011 ይህ ምልክት በዓለም ከታወቁት የጥያቄ ምልክቶች ሁሉ ጥንታዊው ሳይሆን እንደማይቀር አስታውቋል። ምልክቱ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው አካባቢ መቆሙ አስተዋይነት ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ሰው ጥያቄ መሆኑን ከጨረሰ በኋላ ቢያውቅ አይጠቅመውምና።

እነዚህ መጻሕፍት ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት መንገድ ረጅም ነው። የማር ይስሐቅን ድርሳን በኢየሩሳሌም አጠገብ በማር ሳባ ገዳም አብራምዮስና ጳጥሪቅዮስ የተባሉ መነኮሳት ወደ ጽርእ መለሱት፤ ወደ ዐረብኛም ተመለሰ፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ገባ። የዳዲሾዕ ትርጓሜ በምሥራቅ በኩል በሶግድ ሰዎች ቋንቋ ተጽፎ በቱርፋን አጠገብ ተገኝቷል፤ በምዕራብ በኩል አጥሮ በዐረብኛ ከተጻፈ በኋላ ወደ ግእዝ ተመልሶ ፊልክስዩስ ተባለ። ይህም በ523 የሞተው የመቡጉ ኤጲስ ቆጶስ የፊሎክሴኖስ ስም ነው። መጽሐፉ ግን እርሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተጻፈ መሆኑን፣ ደራሲውም ዳዲሾዕ መሆኑን የ20ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት የሱርስቱን፣ የዐረብኛውንና የግእዙን ንባብ አስተያይተው አረጋግጠዋል።

ይህ ለካህናት ቀላል ነገር አይደለም። ፊሎክሴኖስ ከተዋሕዶ መምህራን አንዱ ነበር፤ ዳዲሾዕና ማር ይስሐቅ ግን የነበሩት ንስጥሮሳውያን እየተባለች በምትጠራው በምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስማቸው በር ላይ ቢነገር በሩ ሊዘጋባቸው በቻለ ነበር፤ ቃላቸው ግን ገብቶ ለብዙ መቶ ዓመት በኢትዮጵያ ገዳማት ተነበበ። ስሙ የተለወጠው በገልባጭ ስሕተት ይሁን በማስጠጋት፣ አበው የተቀበሉት የደራሲውን አገርና ወገን ሳይሆን በመጽሐፉ ያለውን የጸሎት፣ የጽሙናና የእንባ ትምህርት ነው፤ ሃይማኖታቸውንም በቅዱስ ቄርሎስና በሃይማኖተ አበው ጠብቀዋል። እውነተኛውን ደራሲ ማወቅ መጽሐፉን አያቃልለውም፤ የደከመን ሰው ድካሙን ለራሱ መስጠት ነው። ገልባጭ የነጥብን ስሕተት ያቀና ዘንድ የሚገባው ከሆነ፣ የስምን ስሕተት ማቅናትማ እንዴት አይገባም?

በኢትዮጵያም የሰዋስውና የትረካ ነገር ተለያይቶ አያውቅም። «ሰዋስው» በግእዝ መሰላል ማለት ነው፤ ያለ እርሱ ወደ ምስጢር የሚወጣ የለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ሳሉ ዕብራይስጥንና ሱርስትን ከግእዝ ጋር እያስተያዩ የደከሙበት መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። የቅኔ ተማሪም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያለ የቃልን አነባበብ ይለያል። ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፤ አራት ነጥብ ነገሩን ያሳርፋል። ማጥበቅና ማላላት ግን በፊደል ስለማይታዩ አማርኛ ዛሬም እንደ ጥንቱ ሱርስት አንባቢውን የሚያማታበት ስፍራ አለው፤ «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል። ይህን የሚያቃናው ነጥብ አይደለም፤ ጸሐፊው ዐረፍተ ነገሩን እንዳያሻማ አድርጎ መሥራቱ ነው።

በአማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ የጻፉት ሰው መንገድም ይህንኑ ያስረዳል። በጣና ዳር በዘጌ በ1868 የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በኋላ ዘመን በፖለቲካ ሥራቸው የተወቀሱ ቢሆኑም፣ ስለ አማርኛ ሰዋስው በኢጣልያንኛ የጻፉትን መጽሐፍ በ1905 በሮም አሳተሙ፤ ልብ ወለድ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በዚያው ከተማ የታተመው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1908 ነው። ቋንቋውን ለባዕድ ሰው ለማስረዳት ግሱን ከስሙ፣ ዘርፉን ከባለቤቱ ለይተው የመረመሩ ሰው፣ ጦቢያ የምትባል ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ በጦርነት ምድር ስትንከራተት ሲተርኩ ቃሉ የታዘዘላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ ዐናኒሾዕ ሁሉ በእርሳቸውም ሰዋስው ቀደመ፣ ትረካ ተከተለ።

የቀጠር መነኮሳት ነገር በገዛ አገራቸው ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ነበር። በዶሃ የሚገኘው የኳታር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሌሎች አገሮች ሊቃውንት ጋር ሆነው ባዘጋጁት ሥራ በ7ኛው መቶ ዓመት ስለ ነበሩት የቀጠር የሱርስት ጸሐፍት የጥናት መጽሐፍ በ2014፣ የድርሰቶቻቸውም ስብስብ በ2015 ታትሟል። ዛሬ በዶሃና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለእንጀራ ሥራ ይኖራሉ፤ ከከተማዋ በስተ ደቡብ በመሳይሚር ለክርስቲያኖች በተፈቀደው ስፍራም በ2008 ቤተ ክርስቲያን ተከፍቷል። በዚያ ከሚኖሩት አንዱ በዕረፍት ቀኑ ማር ይስሐቅን ወይም ፊልክስዩስን ገልጦ ቢያነብ፣ ቃሉ ከዐሥራ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ በኩል ዞሮ ወደ ተነሣበት ዳርቻ ተመለሰ ማለት ነው።

ማር ይስሐቅ ዓይኑ በጠፋ ጊዜ የተናገረውን ነጥቦ ያኖረለት ደቀ መዝሙር፣ ቃሉ ወደ ጣናና ወደ ዋልድባ ይደርሳል ብሎ አላሰበም፤ ስሙንም አልጻፈም። ያደረገው ነገር ጥቂት ነው፤ መምህሩ ያረፈበትን ስፍራ አዳምጦ ነጥብ አኖረ፤ የጠየቀበትን ለየ፤ ያልተናገረውን አልጨመረበትም። ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ከዚያ ደቀ መዝሙር የሚቀበለው ትምህርት ይኸው ነው፤ ሳያየው ለሚያነብበው ለሩቅ ወንድም ማሰብ።